ባህር ዳር ለመጀመሪያ ጊዜ በፕሌን ለምትመጡ

ከአዲስ አበባ በፕሌን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ኤርፖርቱም ከከተማው ወጣ ብሎ በስተምዕራብ ነው ያለው፣ ሩቅ አይደለም፣ ግን አዲስ ሰው ብሩን የሚያፈሰው እዚችው አጭር መንገድ ላይ ነው። ሆቴል ከያዛችሁ ገና ሳትነሱ ደውሉና መኪና ትልካላችሁ ወይ በሉ፣ ሀይቁ ዳር ካሉት ብዙዎቹ ይልካሉ፣ ሰዓቱን ስትነግሯቸው ግን ትኬቱ ላይ 7:30 ካለ በኛ ከጠዋቱ 1:30 መሆኑን አትርሱ።

ታክሲ ከሆነ ደሞ ዋጋ ሳትቆርጡ ሻንጣ አታስጭኑ! እህቴ ባለፈው ስትመጣ ሹፌሩ "ችግር የለም ግቢ" ብሏት ዝም ብላ ገባች፣ መሀል ከተማ ጊዮርጊስ ቤተክርስቲያን ጋ ስትወርድ የጠየቃት ብር አስደነገጣት፣ ሻንጣው ኋላ ተቆልፎባት ምን ትበል፣ ከፈለች። "እስከ ጊዮርጊስ ስንት? ለሁላችን ነው በሰው?" ብላችሁ ጨርሱ።

ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይበቃችኋል። ባዶ ባጃጅ ውስጥ ብቻችሁን ስትገቡ ኮንትራት ሊመስለው ስለሚችል "በሰው ነው" በሉት፣ ዝርዝር ብርም ያዙ፣ ባለ 200 አውጥታችሁ መልስ ስትጠብቁ እንዳትቆሙ።