90 ቀን ሦስት ወር አይደለም፦ ታይላንድ ስትቆዩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና እያፈላሁ ስልኬ ጮኸ። ባንኮክ የሚማረው ታናሽ ወንድሜ ነው። ድምፁ ልክ አልነበረም።

«እትዬ፣ ወረቀቴ ላይ ያለው ቀን አልፏል። አሁን ነው ያየሁት። ያስሩኛል እንዴ?»

ልጁ ለአያታችን ተዝካር ደብረ ማርቆስ መጥቶ ነበር። ትምህርት ስለተጀመረበት ገናን እንኳን ሳይውል ታኅሣሥ 27 ተመለሰ። የፈራው ከመምጣቱ በፊት የተሰጠውን የ90 ቀን ሪፖርት ወረቀት አይቶ ነው። «አይዞህ፣ ያ ወረቀት አገር ለቀህ ስትወጣ አበቃለት» አልኩት። ለምን እንደሆነ ከታች እመለስበታለሁ።

እኔም እዚያው ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። ከተመለስኩ ወዲህ ከባሕር ዳር፣ ከሞጣ፣ ከፍኖተ ሰላም የሚሄዱ ልጆች በሰው በሰው ስልኬን እያገኙ ይደውሉልኛል። የሚሳሳቱት አንድ ዓይነት ነገር ነው። ስለዚህ እዚህ አንድ ላይ ልጻፈው።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። የታይላንድ የኢሚግሬሽን ሕግ በእነሱ አቆጣጠር በ2522፣ በፈረንጆቹ በ1979 የወጣ ነው። በአንቀጽ 37 መሠረት በጊዜያዊነት የገባ የውጭ ሰው በተከታታይ ከ90 ቀን በላይ ከቆየ የሚኖርበትን አድራሻ ማሳወቅ አለበት። ከዚያም በየ90 ቀኑ እንዲሁ። ፎርሙ ቲኤም 47 ይባላል። እኛ አገር ቀበሌ ሄዶ «አሁንም እዚያው ቤት ነኝ» እንደማለት ነው። ክፍያ የለውም። ስታስገቡ የሚቀጥለው ቀን የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይሰጧችኋል።

ስህተት 1፦ ሪፖርቱን ከመቆያ ፈቃዱ ጋር መቀላቀል

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ አልፈርድበትምም። ተማሪ ሆኖ የሚገባ ሰው መጀመሪያ አብዛኛውን ጊዜ የ90 ቀን ማኅተም ይመታለታል። ያ ሳያልቅ ለአንድ ዓመት ያስረዝማል። የመጀመሪያው የማራዘሚያ ማመልከቻ ደግሞ እንደ ሪፖርት ይቆጠርለታል። ሁለቱ ነገሮች አንድ ቀን ላይ ስለገጠሙለት «አንድ ናቸው» ብሎ ይደመድማል። ከዚያ በኋላ ግን ይለያያሉ።

አንዱ «ዓመት ተፈቅዶልኛል፣ ምን ሪፖርት አለብኝ?» ብሎ ይቀመጣል። ይህኛው ቅጣቱ ቀላል ነው። ሌላው ደግሞ «ሪፖርት አድርጌያለሁ፣ እስከዚያ ቀን መቆየት እችላለሁ» ይላል። እኔ የምፈራለት ለዚህኛው ነው። ቁራጯ ወረቀት አንድ ቀን እንኳን አትጨምርም። የመቆያ ፈቃዱ ካለፈ በቀን 500 ባት፣ እስከ 20,000 ባት ድረስ ይቆጥርበታል። ከ90 ቀን በላይ አሳልፎ በራሱ እግር የሄደ ለአንድ ዓመት ተመልሶ እንዳይገባ ይታገዳል። ሳይሄድ የተያዘ ሰው ደግሞ ያለፈበት ጊዜ ዓመት ባይሞላም እገዳው አምስት ዓመት ነው። ትምህርቱን ለጀመረ ልጅ አምስት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው አስቡት።

ፓስፖርታችሁን አሁኑኑ ክፈቱ። የመቆያ ፈቃዱ ቀን ማኅተሙ ላይ ነው። የሪፖርቱ ቀን ወረቀቷ ላይ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ጻፉ።

ስህተት 2፦ «ሦስት ወር» ብሎ መቁጠር

ይህ የኛ የሐበሾች ስህተት ነው። የእኛ ወር ሁሉ 30 ቀን ነው። ሦስት ወር ስንል 90 ቀን ማለታችን ነው፤ ልክም ነን። በፈረንጆቹ ግን ሦስት ወር አንዳንዴ 90፣ አንዳንዴ 92 ቀን ይሆናል። በእኛም ቢሆን ጳጉሜን አለች።

እኔን የቀጣችኝ እሷ ናት። አገሬ ደርሼ ሐምሌ 15 ባንኮክ ገባሁ። በጭንቅላቴ «ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት 15» ብዬ ያዝኩ። ፈተና ስለነበረብኝ ጥቂት ቀን ጨምሬ ጥቅምት 19 ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ ቁጥሬን ይዤ ተቀመጥኩ። ተራዬ ደረሰ። ሠራተኛዋ የመግቢያ ማኅተሜን ገጽ በጣቷ ይዛ የጠረጴዛ ቀን መቁጠሪያዋን አየች። ከዚያ ካልኩሌተሩን ወደ እኔ አዞረችው፦ 2,000። ለእኔ የዚያን ጊዜ የሁለት ሳምንት ምሳ ነው።

ማታ ቤት ገብቼ በጣቴ ቆጠርኩ። የገባሁበትን ቀን አንድ ብዬ ስነሳ 90ኛው ቀን ጥቅምት 9 ነበር። እኔ የሄድኩት በ100ኛው ቀን ነው። አያቴ መሪጌታ ነበሩ። አጽዋማትና በዓላትን በጣታቸው አንጓ ሲቆጥሩ ጳጉሜንን ዘለው አያውቁም። እኔ ዘለልኳት።

በወር አትቁጠሩ። በቀን ቁጠሩ። የገባችሁበትን ዕለት ቀን አንድ በሉት። ወረቀት ከተሰጣችሁ ደግሞ የሚገዛችሁ እሱ ላይ ያለው ቀን ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ታዮች የራሳቸው ዓመተ ምሕረት አላቸው፤ ከፈረንጆቹ በ543 ዓመት ይቀድማል። በእኛ ጥር 2018 የነበረው በፈረንጅ 2026፣ በታይ 2569 ነው። ደረሰኝ ላይ 69 የሚል ካያችሁ አትደንግጡ። እናንተ ግን ፎርም ስትሞሉ ፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን የፈረንጁን ቀን ጻፉ። የኛን ቀን ለራሳችሁ ማስታወሻ ተዉት።

ስህተት 3፦ የመጨረሻዋን ቀን መጠበቅ

በአካል ሪፖርት ማድረግ የሚቻለው ከቀኑ 15 ቀን ቀደም ብሎ ጀምሮ፣ ካለፈም በኋላ እስከ 7 ቀን ድረስ ነው። ከሦስት ሳምንት በላይ አላችሁ ማለት ነው። በኢንተርኔት ከሆነ ግን ይጠባል። ከ15 ቀን በፊት ይከፈትና 7 ቀን ሲቀረው ይዘጋል። ሰው ሁለቱን ያምታታና 3 ቀን ሲቀረው ስልኩን ይነካካል፤ እምቢ ይለዋል። በፖስታ መላክም አለ፤ እሱ ደግሞ 15 ቀን ቀድሞ በአደራ ደብዳቤ መላክ አለበት። ሰው ወክሎ መላክም ይቻላል።

እነዚያን 7 ቀኖች ለድንገተኛ ነገር ብቻ አስቀምጧቸው። ትታመማላችሁ፣ በዓል ይገባል። በተለይ ሚያዝያ ላይ ሶንግክራን የሚባለው አዲስ ዓመታቸው አለ፤ በፈረንጆቹ ከአፕሪል 13 እስከ 15 ቢሮ ዝግ ነው። 7ቱ ቀን አልፎ በራሳችሁ ከሄዳችሁ ቅጣቱ 2,000 ባት ነው። ሳትሄዱ ከተያዛችሁ ሕጉ እስከ 5,000 ባት፣ በዚያም ላይ እስክታሟሉ ድረስ በየቀኑ እስከ 200 ባት ያስቀጣል።

ባንኮክ ያላችሁ ቢሮው ቼንግ ዋታና ነው። ጠዋት ሂዱ። በእኛ ከቀኑ 6 እስከ 7 ሰዓት ምሳ ነው።

ስህተት 4፦ የመጀመሪያውን በኢንተርኔት መሞከርና ስም ማዛባት

የመጀመሪያው ሪፖርት በአካል ነው። ፓስፖርት ስትቀይሩም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ በኢንተርኔት ይቻላል።

የስማችን ነገር ደግሞ አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። ፎርሙ ግን የቤተሰብ ስም ይላል። አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይጽፋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ይገለብጠዋል። ሲስተሙ ያንኑ ሰው አያገኘውም። ፓስፖርቱ በየትኛው መስመር ላይ ምን እንዳስቀመጠ አይታችሁ ፊደል በፊደል እሱኑ ገልብጡ። «ስሜ እኮ እንዲህ አይጻፍም» ብላችሁ አታርሙት።

ስህተት 5፦ አከራዩን አለመጠየቅ

የውጭ ሰው ያሳደረ የቤት ባለቤት በ24 ሰዓት ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት። ያ ቲኤም 30 ነው። ግዴታው የእሱ ነው፤ መንከራተቱ ግን የእናንተ ይሆናል። ሪፖርት ልታደርጉ ስትሄዱ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፤ ከሌለ ወደ ቤት ትመለሳላችሁ። ቤት ስትከራዩ ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት ጠይቁ። የተመዘገበበትን ወረቀት ፎቶ አንሱ። ቤት ስትቀይሩም እንደገና። አገራችን መሸኛ ሳይዙ ቀበሌ መቀየር ጣጣው እንደሚበዛ ታውቁት የለ?

ስህተት 6፦ የመመለሻ ፈቃድ ሳይዙ መውጣት

ይህን ሳስበው ዛሬም ሆዴን ይበላኛል።

አብሮን የሚማር የደጀን ልጅ ነበር። አባቱ ማረፋቸው ከእሱ በፊት ለእኛ ተነገረን። እንደ አገራችን ወግ ነጠላችንን ይዘን ገና ሳይነጋ ስድስት ሆነን በሩን አንኳኳን። ሲከፍት አየን። ምንም ሳንል ገባው። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ፤ የአንድ እግሩን ጫማ እንደያዘ። እኛ ትኬት ቆረጥን፣ ልብሱን በሻንጣ ከተትን፣ ለመንገድ ገንዘብ አዋጣን። ማታውኑ ሸኘነው። ከስድስታችን አንዳችንም «ሪኢንትሪ አለህ ወይ?» አላልነውም።

አልነበረውም። የአንድ ዓመት ፈቃዱ ከአገሪቱ በወጣ ሰዓት ጠፋ። አርባውን አውጥቶ ሊመለስ ሲል ቪዛውን ከዜሮ መጀመር ነበረበት። ሴሚስተሩ አመለጠው። ሐዘን ላይ ሌላ ሐዘን ጨመርንበት።

የመመለሻ ፈቃድ ለአንድ ጊዜ 1,000 ባት፣ ለብዙ ጊዜ 3,800 ባት ነው። ፎርሙ ቲኤም 8 ነው። የተሰጣችሁ ቪዛ ራሱ ጊዜው ያላለፈ፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ካልሆነ በቀር ሳትይዙት አትውጡ። እኔ የምመክረው መቆያችሁን ባስረዘማችሁበት ቀን እዚያው ሳትወጡ ማውጣት ነው። 3,800 ውድ ነው፤ አውቃለሁ። ግን መርዶ ቀጠሮ ይዞ አይመጣም። በድንገት መሄድ ግድ ከሆነ ደግሞ ሱቫርናብሁሚ አየር ማረፊያ ውስጥ፣ ከፓስፖርት ፍተሻው በፊት፣ የሚሰጥበት ቦታ አለ። ቀደም ብላችሁ ድረሱና ጠይቁ። ወዳጃችሁን የምትሸኙ ከሆነም እናንተ ጠይቁለት፤ እሱ በዚያ ሰዓት ይህን የሚያስብበት ልብ የለውም።

ስህተት 7፦ በአሮጌው ወረቀት መቁጠር

ወንድሜን ያስደነገጠው ይህ ነው። ከአገር ስትወጡ የ90 ቀኑ ቆጠራ ይቋረጣል። ስትመለሱ ከአዲሱ የመግቢያ ማኅተም ከአንድ ይጀምራል። አሮጌዋ ወረቀት ፓስፖርቱ ላይ በስቴፕለር ተመትታ ስለምትቀር ዓይን ታታልላለች። የመቆያ ፈቃዱ ግን አይታደስም፤ የመመለሻ ፈቃድ ይዛችሁ ከገባችሁ ድሮ በተሰጣችሁ ቀን ያልቃል።

ስትመለሱ በኢንተርኔት የሚሞላውን የመግቢያ ካርድ፣ ከመግባታችሁ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ መሙላት እንዳትረሱ። እሱም በነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ ዝጉት። ለቢጫ ወባ የተከተባችሁበትን ካርድም ያዙ፤ ከኢትዮጵያ የሚገባ ሰው ይጠየቃል።

ወንድሜ የማኅተሙን ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝና አብረን ቆጠርን። ታኅሣሥ 27 ቀን አንድ። 90ኛው ቅዳሜ መጋቢት 26 ላይ ዋለ፤ የሆሣዕና ዋዜማ። ቅዳሜ ቢሮ የለም። ሰኞውም የእነሱ በዓል ነው፤ የቻክሪ ቀን። ከመጋቢት 11 ጀምሮ መሄድ ይችላል። «11 ዓርብ ነው፣ ጠዋት ክፍል የለኝም» አለኝ። ወጥ ቤት በር ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ አከበብኩበት። እናታችን መነጽሯን አድርጋ ጠጋ ብላ አየችና «ሐሙስ ማታ እኔ ራሴ እደውልለታለሁ» አለች።