ለታመመ ሰው ሞርፊን ሲታዘዝ፦ በሕጋዊ መንገድ እንዴት ይገኛል፣ ቤት ውስጥስ እንዴት ይያዛል?

ሐኪሙ «ሞርፊን እናስጀምረው» ሲል ቤተሰብ ይደነግጣል። አንዱ «አበቃለት ማለት ነው» ይላል፣ ሌላው «ሱስ ሊያስይዙት ነው» ብሎ ይሰጋል። ሞርፊን ግን ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመጀመሪያው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ ነው። በካንሰር ሕመም የሚሰቃይ ሰው በሐኪም ክትትል ሲወስደው ስቃዩ ይቀልለታል፣ እንቅልፍም ያገኛል።

ታዲያ ለምን በየፋርማሲው አይገኝም? እንደ ሞርፊን ያሉ አደንዛዥ መድኃኒቶችን ለመቆጣጠር በ1961 እ.ኤ.አ. በተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት እያንዳንዱ አገር የዓመት ፍላጎቱን ገምቶ ቪየና ላለው ተቆጣጣሪ ቦርድ ያሳውቃል። ማምረቱም ማስገባቱም ከዚያ ግምት አያልፍም። እኛ ጋ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ቁጥጥሩ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥራ ነው። ቁጥጥሩ ያስፈልጋል፤ ሕመምተኛን ያለ ማስታገሻ እንድንተው ግን አያስገድድም። ኡጋንዳ የሞርፊን ዱቄት አስገብታ እዚያው በውሃ እያዘጋጀች ለሕመምተኞች በነፃ ትሰጣለች። የሠለጠኑ ነርሶችም ማዘዣውን እንዲጽፉ ፈቅዳለች።

መጀመሪያ ማዘዣው። ተራው የመድኃኒት ወረቀት አይሠራም፣ የናርኮቲክ (እንዲህ ቁጥጥር ለሚደረግባቸው መድኃኒቶች የተለየ) ማዘዣ ጠይቁ። ከክፍሉ ሳትወጡ ስሙን፣ መጠኑን፣ የቀኑን ብዛት፣ ፊርማና ማኅተሙን እዩ። ስርዝ ድልዝ ካለው ፋርማሲው ሊመልሳችሁ ይችላል፣ እዚያው እንደ አዲስ ይጻፍላችሁ።

ከዚያ የት እንዳለ ሐኪሙን ወይም ነርሷን ጠይቁ። በብዛት የሚገኘው ትላልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎች ፋርማሲ ውስጥ ነው። ስትሄዱ መታወቂያ ያዙ። «በጓሮ አመጣላችኋለሁ» የሚል ሰው ካለ አትቀበሉ፤ ውስጡ ምን እንዳለ አታውቁም። እቤት ያለው ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ሌላ ለማምጣት ተነሱ።

ዋናው ነገር አሰጣጡ ነው። ቶሎ የሚሠራው ሽሮፕ ወይም ኪኒን ኃይሉ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ሕመሙ እስኪነሳ አትጠብቁ፣ ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት ስጡ። ሽሮፑን በሾርባ ማንኪያ አትለኩ፤ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ከፋርማሲ ጠይቁ፣ እስከ የት መስመር እንደሚሞላም ባለሙያው በእስክሪብቶ ምልክት ያድርግላችሁ። ማስታወሻ ደብተር ላይ ሰዓቱን ጻፉ፣ አስታማሚ ሲቀያየር ሁለቴ እንዳይሰጥ። ቀስ እያለ የሚሠራውን ኪኒን ፈጽሞ አትጨፍልቁት፣ አትሰባብሩት።

የሆድ ድርቀት አይቀርም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዝ። ሐኪሙ ከረሳ እናንተ አስታውሱት። ብዙ ሰው መድኃኒቱን የሚጠላው በዚህ ነው፣ መፍትሔው ግን ቀላል ነው። የመጀመሪያ ቀናት ድብታና ማቅለሽለሽ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። ሕመምተኛው ሲቀሰቀስ አልነቃ ካለ ወይም ትንፋሹ እየዘገየ ከሄደ ግን ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት። በራሳችሁ ውሳኔም በድንገት አታቋርጡት።

ጠርሙሱን ቁልፍ ያለው ቦታ አኑሩ። ቁልፉ አንድ ሰው ጋ ይሁን። ለሌላ ታማሚ፣ ለጎረቤትም ቢሆን፣ አታካፍሉ። የተረፈውን ወደ ወሰዳችሁበት ፋርማሲ መልሱ።

ፋርማሲው «የለም» ካላችሁ ዝም ብላችሁ አትመለሱ። ጥያቄያችሁ እንዲመዘገብ ጠይቁ፣ ለሐኪሙም ንገሩት። የሚቀጥለው ዓመት ግምት የሚሠራው ሆስፒታሎች ከሚያቀርቡት ቁጥር ነው።