አዮዲን ያለውን ጨው በድሬዳዋ ሙቀት እንዴት እንያዘው?

አዮዲን በተጨመረበት ጨው ውስጥ ያለው በአብዛኛው ፖታሲየም አዮዴት የተባለ ውህድ ነው። ውህዱ አንድ የፖታሲየም፣ አንድ የአዮዲንና ሦስት የኦክስጅን አቶሞች የተጣመሩበት ነጭ ዱቄት ሲሆን፣ ከክብደቱ 59 በመቶ ያህሉ አዮዲን ነው። ፖታሲየም አዮዳይድ የበለጠ አዮዲን ቢይዝም እርጥበትና ሙቀት ቶሎ ስለሚያበላሹት፣ በደንብ ላልተጣራ ጨውና ለሞቃት አገር አዮዴት ይመረጣል።

የአዮዲን እጥረት ሲቆይ እንቅርት ያወጣል፤ ከዚያ የሚከፋው ግን በእርግዝና ወቅት ሲያጋጥም በፅንሱ የአእምሮ እድገት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። አዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም ያስፈልገዋል። በአንድ ኪሎ ጨው ውስጥ 30 ሚሊግራም አዮዲን ካለ፣ 5 ግራም ጨው ይህንኑ መጠን ይሰጣል።

ከቀፊራም ሆነ ከሰፈር ሱቅ ሲገዙ፣ አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን፣ የታሸገውንና ያልረጠበውን ይምረጡ፤ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለውን ይተዉት። ለወራት የሚበቃ ከማከማቸት ጥቂት ጥቂት እየገዙ መጠቀም ይሻላል። ቤት ሲደርስ ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ዕቃ ውስጥ ይገልብጡትና ከምድጃና ከመስኮት አርቀው ያስቀምጡት፤ ሲጨልፉም ማንኪያው እርጥብ አይሁን።

ጨውን አጥቦ ፀሐይ ላይ የማስጣት ልማድ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። ፖታሲየም አዮዴት በውሃ ስለሚሟሟ፣ ጨው የሚያጥብ ሰው ገንዘብ የከፈለበትን አዮዲን ከእጣቢው ጋር ይደፋዋል። ጨውዎ ቆሻሻ ስላለበት የሚያጥቡት ከሆነ፣ መፍትሔው ንጹሕና የታሸገ ጨው መግዛት ነው። ወጥ ሲሠሩም ጨውን ከቁሌቱ ጋር አብረው ከማንተክተክ ይልቅ ወጡ ሊወርድ ሲል ቢጨምሩት አዮዲኑ በተሻለ ይተርፋል። በርበሬ ሲዘጋጅ የሚገባው ጨው ከሙቀቱም ከቆይታውም የተነሣ አዮዲኑ ሊቀንስ ስለሚችል፣ በእሱ ብቻ አይተማመኑ።

ነፍሰ ጡር ሴት በቀን 250 ማይክሮግራም ያስፈልጋታል፤ ይህ ማለት ግን ጨው ታብዛ ማለት አይደለም፣ ምክንያቱም የጨው መብዛት የደም ግፊትን ያባብሳል። ስለ ተጨማሪ አዮዲን የጤና ባለሙያ ታማክር፤ የታይሮይድ ሕመም ያለበት ሰውም እንዲሁ ያድርግ። ለቁስል የሚቀባው የአዮዲን መድኃኒት ደግሞ የሚጠጣ ስላልሆነ፣ ከጨው ዕቃውም ከሕፃናትም አርቀው ያስቀምጡት።