ሞካ ጀበና አይደለችም

አክስቴ ከሮም ስትመጣ ሞካ የምትባለውን የጣልያን ቡና ማፍያ ይዛልኝ መጣች። ባለ 3 ስኒ፣ አልሙኒየም፣ እጀታዋ ጥቁር። ደስ ብሎኝ የዚያኑ ቀን ውሃ ሞላሁባት፣ ለጀበና የተወቀጠውን ቡና ጠቅጥቄ ከተትኩና ስቶቩን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ጣድኳት። ከዚያ እንቁላል ልጠብስ ዞር አልኩ። ስመለስ እየተንተከተከች ስቶቩን ቡና በቡና አድርጋዋለች። የተረፈውን ስቀምሰው ሬት ነው። «ጣልያን ይሄን ነው እንዴ የሚጠጣው?» ብዬ ቁም ሳጥን አናት ላይ ወረወርኳት፤ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያው ከረመች።

ጥፋቱ የኔ ነበር። እንደ ጀበና ቆጥሬያት ነው።

ጀበና ውስጥ ቡናውና ውሃው አብረው ይፈላሉ፣ ይገነፍላሉ፣ ከዚያ አተላው እስኪዘቅጥ እንጠብቃለን። ሞካ ላይ ግን ቡናው ጨርሶ መፍላት የለበትም። ታችኛው ክፍል ውስጥ ውሃና ከላዩ ትንሽ አየር አለ። ሙቀት ሲያገኝ አየሩና እንፋሎቱ ይሰፋል፣ መውጫ ሲያጣ ውሃውን ይገፋዋል፣ ውሃውም ቡናው የሚቀመጥባትን የወንፊቷን ቱቦ ተከትሎ ሽቅብ ይወጣና በቡናው መሃል አልፎ ላይኛው ክፍል ይጠራቀማል። በቃ፣ ሌላ ነገር የላትም። ግፊቱ ከ1 እስከ 2 ባር ቢሆን ነው። የካፌው ማሽን 9 ባር አካባቢ ስለሚገፋ ያንን ከላይ የሚቀመጠውን ወፍራም አረፋ፣ ክሬማውን፣ ከሞካ አትጠብቁ።

ይህችን ነገር ለገበያ ያበቃት አልፎንሶ ቢያሌቲ ነው፤ በ1933 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ ሰሜን ጣልያን፣ ፒዬሞንቴ ውስጥ ክሩዚናሎ በምትባል ቦታ። ሰውዬው የአልሙኒየም ሥራን የተማረው ፈረንሳይ ነው። ሐሳቡ የመጣለት ያኔ ልብስ ከሚቀቀልበት በርሜል ነው ይባላል፤ የሳሙናው ውሃ ሲፈላ በመሃል ባለው ቱቦ ወጥቶ ልብሱ ላይ የሚፈስበት ዓይነት። ስሟን ያገኘችው ደግሞ ከየመኗ የቡና ወደብ ከሞካ ነው፤ ከኛ ባሕር ማዶ ማለት ነው። ሞካ በወጣች በ2 ዓመቱ ጣልያን የቡናዋን አገር ኢትዮጵያን ወረረ። የዓለም መንግሥታት ማኅበር ማዕቀብ ሲጥልበት ፋሺስቶቹ «ብሔራዊ ብረታችን» እያሉ አልሙኒየምን ማወደስ ያዙ። ሞካ በየቤቱ የገባችው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ የአልፎንሶ ልጅ ሬናቶ ማስታወቂያውን ካጧጧፈው ወዲህ ነው። ሬናቶ በ2016 ሲሞት አመዱ የተቀመጠው የት መሰላችሁ? ትልቅ ሞካ ውስጥ።

ወደ ሥራችን። ስትገዙ መጠኗን አስቡበት፣ ምክንያቱም ሞካ በግማሽ አትሠራም፤ ባለ 6 ገዝታችሁ ለአንድ ሰው ላፍላ ብትሉ ውሃ ውሃ የሚል ነገር ነው የምትጠጡት። «ባለ 3» ሲባል ደግሞ የጣልያን ትንሿ ስኒ ናት፣ በኛ ስኒ 2 ቢወጣት ነው። ብቻችሁን የምትጠጡ ከሆነ ባለ 3 ትበቃለች። ኢንዳክሽን ምድጃ ያላችሁ የአልሙኒየሟን አትግዙ፣ አትሞቅላችሁም፤ የስቲሏን ፈልጉ፣ እሷንም ብትሆን ለኢንዳክሽን ትሆናለች መባሉን አረጋግጡ።

አዲስ ከሆነች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዙር አፍልታችሁ ድፉት። የብረት ጣዕም አለው።

አሁን ዋናው ነገር፣ አፈጫጩ። ለጀበና የሚሆነው ልም ቡና ለሞካ አይሆንም፤ ወንፊቱን ይደፍነዋል፣ ውሃው ማለፊያ ያጣል፣ ያለፈው ደግሞ ይመራል። በጣም ከሻከረ ደግሞ ውሃው ሳይነካው ያልፋል። እንደ ደቃቅ ጨው በጣት መሃል ሲታሽ የሚሻክር ከሆነ ልክ ነው። ወፍጮ ቤት የምታስፈጩ ከሆነ «ለጀበና አይደለም፣ ትንሽ ሸከር ይበል» በሉ። አንዴ ተገላምጬ ነበር፣ አሁን ለምደውኛል። ቆሉም ቢሆን መሃለኛ ይሁን፤ ዘይት እስኪያወጣ የጠቆረ ቡና ሞካ ላይ ምሬቱ ይጎላል።

ታችኛውን ክፍል እስከ ቫልቩ (በጎኗ ያለችው የእንፋሎት ማስተንፈሻ) ስር ሙሉት፣ ቫልቩን ግን አይሸፍን። እኔ የምጨምረው በማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ነው። በቀዝቃዛ ከጀመራችሁ ውሃው እስኪሞቅ ቡናው ደረቁን በጋለው ብረት ላይ ይቀመጥና ይቃጠላል። ፍሉ ውሃ ቡናውን ያሳርረዋል ብላችሁ አትስጉ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ብቻ ብረቱ ይግላልና ስትገጥሙ ታችኛውን በፎጣ ያዙት።

ወንፊቱን በቡና ሙሉትና በማንኪያ ጀርባ ደልድሉት። አትጠቅጥቁ! እጃችን ይጓጓል፣ አውቃለሁ፣ ካፌ ውስጥ ባሪስታው ሲጫን አይተናል፣ ግን እሱ ያለው ማሽን ሌላ ነው። ጠርዙ ላይ የፈሰሰውን ዱቄት በጣት ጥረጉት፣ አለበለዚያ በሁለቱ ክፍሎች መሃል ያለችው ጎማ አትገጥምም፣ እንፋሎቱም በጎን ይወጣል። ስታጠብቁ እጀታውን ሳይሆን ገላዋን ይዛችሁ አዙሩ፤ እጀታው ይነቀላል።

እሳቱ ለስላሳ ይሁን። ቡታጋዝ ከሆነ ነበልባሉ ከስሯ አይለፍ፣ የኔን እጀታ ያቀለጠው እሱ ነው። ክዳኗን ክፍት አድርጉና አጠገቧ ቁሙ፣ ስልካችሁንም አስቀምጡት። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ መሃል ካለችው ቱቦ ጥቁር ቡናማ፣ ወፈር ያለ ነገር፣ እንደ ማር ዝግ እያለ መውረድ ይጀምራል። ቀስ በቀስ ቀለሙ ወደ ወርቃማ ይነጣል። ልክ ቢጫ ቢጫ ሲልና ቱቦዋ ፊስ፣ ፊስ ማለት ስትጀምር አውርዷት። መንተክተኩን አትጠብቁ፤ ያ ድምፅ ውሃው አልቆ እንፋሎቱ ቡናውን እየቀቀለው ነው ማለት ነው፣ የኔ ሬት የመጣውም ከዚያ ነው። የኤሌክትሪክ ስቶቭ ከሆነ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ሽቦው እንደጋለ ይቆያል፣ አንሷት። ቸኩላችሁ ከሆነ ታችኛዋን በቧንቧ ውሃ ነካ አድርጓት፣ ወዲያው ዝም ትላለች።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቡናው ሳይወጣ በቫልቩ በኩል እንፋሎት ፊው ካለ ወንፊቱ ተደፍኗል። አጥፉና ሙሉ በሙሉ እስክትበርድ ጠብቁ። ትኩስ እንዳለች ልፍታ ማለት ቀልድ አይደለም።

ሳትቀዱ በፊት ላይኛውን በማንኪያ አማስሉት፣ መጀመሪያ የወረደው ወፍራሙ ታች ስለሚቀር ካላማሰላችሁት አንዱ እንግዳ መራራ ሌላው ቀጭን ይደርሰዋል። ማኪያቶ የሚያምራችሁ ወተት አሙቃችሁ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ነቅነቅ ነቅነቅ አድርጉና ከላይ ጨምሩ፤ አረፋው የካፌ አይሆንም ግን ያታልላል። ደግሞ ቶና አትመኙ። ሞካ አቦል ብቻ ናት፣ በዚያው ቡና ላይ ሁለተኛ ውሃ ብታሳልፉ የምታገኙት የአተላ እጣቢ ነው። እናቴ ይሄን እስከ ዛሬ አልተቀበለችውም።

ስትበርድ ፈታቱና በውሃ እጠቧት። ጣልያኖቹ ሳሙና አይነካትም ይላሉ፣ እኔ በዚህ አልከራከርም፣ ውሃና እጅ ይበቃታል። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ግን አትክተቷት፣ አልሙኒየሙ ይጠቁራል። ክፍሎቿን ሳትገጥሙ አድርቋት፤ እርጥብ እንደሆነች ተዘግታ ከሰነበተች ትሻግታለች። ጎማዋ (መካኒክ ቢሆን ጓርኒሲዮን ይላታል) ስትደርቅና ስትሰነጠቅ በጎን ውሃ ማንጠባጠብ ትጀምራለች። ያኔ ሞካዋን አትጣሏት። አሮጌዋን ጎማ አውጥታችሁ ይዛችሁ ሂዱና ልኳን ግዙ፣ ምክንያቱም የባለ 3 እና የባለ 6 ጎማ በዓይን ሲያዩት ይመሳሰላል፣ እኔ ሁለቴ ተሳስቼ ሁለቴ ተመልሻለሁ።