ታጣፊ ፒንሳ ሊገዙ ሲሄዱ ኪስዎ ውስጥ ጥቁር ሽቦ ይያዙ

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ጣፎ አዲስ ቤት የገባ ሰው የሚጠብቀው ሥራ ይታወቃል። የሶኬት ክዳን ይላላል፣ የበር ማጠፊያ ቪቴ እየወጣ ይወድቃል፣ አጥሩን ከቋሚው ያሰረው ሽቦ ይበጠሳል። ለእያንዳንዱ ባለሙያ መጥራት አያዋጣም፤ የዕቃ ሳጥን ተሸክሞ መዞርም አይሆንም። መልቲቱል የሚባለው ታጣፊ ፒንሳ ለዚህ ይጠቅማል። ግን ገበያ ላይ ካለው ውስጥ ብዙው ፒንሳ የሚመስል እንጂ ፒንሳ አይደለም።

ሻጩ ቀድሞ የሚነግርዎ ቁጥር ነው፦ «ባለ 15 ነው»፣ «ባለ 24 ነው»። ቁጥሩን ይተዉት። ጠርሙስ መክፈቻ፣ ጣሳ መክፈቻና ጠፍጣፋ ካቻቢቴ አንድ ምላስ (ከእጀታው ተከፍቶ የሚወጣ ብረት) ላይ ሆነው ሦስት ተብለው ይቆጠራሉ። የታወቀው ሌዘርማን ዌቭ ፕላስ እንኳ 18 መሣሪያ አለው ሲባል በርካቶቹ እዚያው ፒንሳው ላይ ያሉ ናቸው፦ ቀጭኑ ጫፍ፣ የመሀሉ ጥርስ፣ ሁለት ዓይነት ሽቦ መቁረጫና ተርሚናል መጭመቂያ። ነገሩ ከመነሻውም ይኸው ነበር። አሜሪካዊው ቲም ሌዘርማን እ.ኤ.አ. በ1975 አውሮፓን በአሮጌ ፊያት ሲዞር ሰንጢ ኪሱ ውስጥ ነበረው፤ ያጣው ፒንሳ ነበር። የመጀመሪያው ዕቃው ገበያ የወጣው በ1983 ነው። ስለዚህ ፒንሳው ካልረባ በጎኑ የተደረደረው ቢላና መጋዝ ምንም አያድነውም። ሰንጢ ብቻ ከፈለጉማ በጣም ባነሰ ዋጋ ሰንጢ ይገዛሉ።

ከቤት ሳይወጡ

አራት ነገር ያዘጋጁ። ፌሮ የሚታሰርበት ጥቁር ሽቦ አንድ ክንድ ያህል፤ የሶኬት መስመር የሚዘረጋበት ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ ቁራጭ፤ ከተጣጣፊ ገመድ ውስጥ የተመዘዘ እንደ ፀጉር የቀጠነ አንድ ክር፤ ባለ መስቀል ቪቴ ግማሹ ድረስ የገባበት ትንሽ እንጨት። አንድ ሉህ ወረቀት የትም አይጠፋም። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ካለዎት እሱንም ይጨምሩ።

መርካቶም ይሂዱ፣ ሰፈር ካለው የሕንፃ ዕቃ መደብርም ይግዙ፣ «ልሞክረው?» ብለው ይጠይቁ። ሽቦ ለመቁረጥ የተሠራ ዕቃ ሽቦ ይቆረጥበት ሲባል የሚቆጣ ሻጭ ካጋጠመዎት ቀጥሎ ያለው ሱቅ ሩቅ አይደለም።

ፒንሳው

መጀመሪያ ፒንሳውን ገጥመው ወደ ብርሃን ያንሡት። ጫፎቹ ቀድመው መነካካት አለባቸው። ከጫፉ በታች ቀጭን የብርሃን መስመር ቢታይ ችግር የለውም፤ እጀታውን ሲጨምቁት ይጠባል። ተቃራኒው ከሆነ፣ ማለትም ሥሩ ገጥሞ ጫፉ ክፍት ከቀረ፣ ዕቃውን ይመልሱ። እንዲህ ያለው ፒንሳ አናቱ የተቆረጠ ሚስማር ወይም የተሰበረ ቪቴ አይዝም። ይህ ደግሞ ፒንሳ በጣም የሚፈለግበት ሰዓት ነው።

ቀጥሎ ፒንሳውን በትንሹ ከፍተው ሁለቱን መንጋጋዎች አንዱን ወደ ግራ አንዱን ወደ ቀኝ ይግፉ። አዲስ ዕቃ ሆኖ ከተንገጫገጨ ከወር በኋላ ይብሳል። አዲስ ዕቃ ጠንከር ማለቱ ግን ጉድለት አይደለም፤ አንድ ጠብታ ዘይት ጨምረው ሠላሳ አርባ ጊዜ ሲከፍቱና ሲዘጉት ይለቃል። ከዚያ ወረቀቱን በጫፉ ይያዙና ይሳቡ። ወረቀቱ መቀደድ አለበት። ሾልኮ ከወጣ ጥርሱ አይገጥምም።

አሁን ጥቁሩን ሽቦ ያውጡ። ብዙ ሰው መዳብ ቆርጦ ይረካል፤ መዳብ ለስላሳ ስለሆነ የማይረባ መቁረጫም ይበጥሰዋል። ጥቁሩን ሽቦ ከመቁረጫው ሥር፣ ወደ ማጠፊያው ተጠግተው አምስት ጊዜ ይቁረጡ። ጫፉ አካባቢ ከቆረጡ ጉልበትዎ ይባክናል፣ ማጠፊያውም ያለ ጥፋቱ ይጎዳል። ከአምስተኛው በኋላ የስልክዎን መብራት አብርተው የመቁረጫውን ስለት ይመልከቱ። የሽቦው ቅርጽ ስለቱ ላይ ጎድጉዶ ከቀረ ብረቱ አልጠነከረም። በመጨረሻ ያቺን ቀጭን ክር ይሞክሩ። በመቁረጫዎቹ መሀል ተጣጥፋ ከቀረችና ካልተቆረጠች ስለቶቹ አይገናኙም ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ በቤት ውስጥ ተሞርዶ አይስተካከልም።

ስለ ጠንካራ ሽቦ አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። የባጃጅ ፍሪሲዮን ገመድ፣ የሳይክል ፍሬን ገመድ፣ የሞላ ሽቦ፣ ሱሉልታ የከብት አጥር ላይ የሚወጠረው እሾሃማ ሽቦ ሁሉም ከጥቁር ሽቦ እጅግ የጠነከሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ለጠንካራ ሽቦ የተለየ ቦታ የሌለው ፒንሳ እነዚህን ሲነክስ ስለቱ ይሸረፋል። ገመድ ከሆነ ደግሞ ከመቆረጥ ይልቅ ይጨፈለቅና ጫፉ ተበትኖ መልሶ ሽፋኑ ውስጥ አይገባም። ሥራዎ ይህ ከሆነ መቁረጫው በቪቴ ታስሮ የሚቀየር ዓይነት ይፈልጉ፤ ዌቭ ፕላስ ከቀድሞው ዌቭ የሚለይበት ዋናው ነገር ይኸው ነው። የሚቀየረውን መቁረጫ ግን አብረው ካልገዙት ኋላ ፍለጋው ሊያደክም ይችላል።

እጀታውን የሚፈትኑት በመጭመቅ ነው። ወፍራም ነገር፣ ለምሳሌ የእንጨቱን ቁራጭ፣ አጥብቀው ይያዙና እስከ አሥር ይቁጠሩ። እጅዎን ሲከፍቱ መዳፍዎ ላይ ጥልቅ መስመር ካለ የእጀታው ጠርዝ ወደ ውጭ ነው ማለት ነው፤ ግማሽ ቀን አይሠሩበትም። ባዶውን ሲጨምቁት ደግሞ ሁለቱ እጀታዎች ፈጽሞ የሚገናኙ ከሆነ አንድ ቀን ቆዳዎን ቆንጥጦ ያስጮህዎታል።

ካቻቢቴው

ብዙ ዕቃ የሚወድቀው እዚህ ነው። የበር ማጠፊያ፣ የሶኬትና የማብሪያ ማጥፊያ ሳጥን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት ባለ መስቀል ቪቴ መጠኑ ፒኤች 2 ነው። አምራቾች ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ የመስቀሉን ሁለት ክንፍ ሞርደው ጠፍጣፋ ያደርጉታል። ሲያዩት መስቀል ይመስላል፤ ቪቴው ውስጥ ግን በሁለት ክንፍ ብቻ ይይዛል፣ ጠንከር ሲል ተንሸራቶ ይወጣና የቪቴውን ራስ ይበላል። እንጨቱ ላይ ያለውን ቪቴ እስከ መጨረሻው አስገብተው መልሰው ያውጡት። ሳይንሸራተት ከጨረሰ ደህና ነው።

ርዝመቱንም ይመልከቱ። ከእጀታው 3 ሳ.ሜ. እንኳ የማይወጣ ካቻቢቴ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ቪቴ ጋ አይደርስም። በዚያ ላይ የሚወጣው ከእጀታው መሀል ሳይሆን ከጠርዙ ስለሆነ ሲያዞሩት እጀታው ሰፊ ክብ ይሠራል፤ ግድግዳ ጥግ ላይ ዙሩን አይጨርስም። ይህ የአብዛኛው መልቲቱል ጠባይ ነው። ምላሱ ተነቃይ ቢት (የካቻቢቴ ጫፍ) የሚቀበል ከሆነ የተለመደውን ባለ ሩብ ኢንች ስድስት ማዕዘን ቢት መቀበሉን ያረጋግጡ። አንዳንዶቹ የራሳቸውን ጠፍጣፋ ቢት ብቻ ይወስዳሉ፤ እሷ የጠፋች ቀን ምላሱ ባዶ ይቀራል።

ቢላና ቀሪው

ማግኔቱ እዚህ ይጠቅማል፣ ግን ሰው በሚያስበው መንገድ አይደለም። «ማግኔት ከያዘው ስቴንለስ አይደለም» የሚባለው ለቢላ አይሠራም። ተጠንክሮ ስለት የሚይዘው የቢላ ስቴንለስ ማግኔት ይስበዋል። እንዲያውም ቢላው ማግኔት ካልያዘ ይጠራጠሩ፤ እንደ ማንኪያ ብረት ያለ በእሳት የማይጠነክር ዓይነት ሊሆን ይችላል። 420ኤችሲ የሚል የብረት ዓይነት ካዩ መካከለኛ ነው፦ ቶሎ ይሳላል፣ በአግባቡ ከያዙት ዝገትን ይቋቋማል፣ ስለቱን ግን በጣም ለረጅም ጊዜ አይዝም። ለቤት ሥራ ይበቃል። «ስቴንለስ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ግን አይዝግም የሚል ማረጋገጫ አይደለም፤ ሎሚ ተቆርጦበት ሳይታጠብ ያደረ ቢላ ነጠብጣብ ያወጣል።

ከጥራቱ በላይ መቆለፊያውን ይፈትሹ። ቢላውን ከፍተው ጣቶችዎን ከስለቱ መንገድ ያርቁ፣ ከዚያ የቢላውን ጀርባ ጠረጴዛ ላይ ቀስ አድርገው ይጫኑ። ከታጠፈ አይግዙት። መቆለፊያ የሌለው ቢላ ሲወጉበት ወይም ሲቆፍሩበት ጣት ላይ ይዘጋል።

ቢላው ፒንሳው ሳይከፈት ከውጭ የሚወጣ ከሆነ የተሻለ ነው። መብራት በጠፋበት ሌሊት አንድ እጅዎ ስልኩን ይዞ ሲያበራ ሌላው እጅ ብቻውን መክፈት ይችል እንደሆነ እዚያው ሱቅ ውስጥ ዓይንዎን ጨፍነው ይሞክሩ። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ።

ሞረዱን ሚስማር ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሂዱበት፤ ካልነከሰ ጌጥ ነው። መጋዙ የአውራ ጣት ውፍረት ላለው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ አይጠብቁ። መቀሱ ወረቀት ብቻ ሳይሆን ጨርቅም መቁረጥ አለበት። ጠርሙስ መክፈቻ የሌለው እስካሁን አልተሠራም ማለት ይቻላል።

በምን እንደተያያዘ ይመልከቱ። ማጠፊያው በቪቴ ከታሰረ ሲላላ ይጠበቃል፤ በሪቬት፣ ማለትም በማይፈታ ችንካር፣ ከተመታ ግን ከላላ ላላ ነው። አብዛኞቹ ቪቴዎች የኮከብ ቅርጽ ያላቸው ቶርክስ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ቲ 8 ወይም ቲ 10። አንዳንዱ መሀሉ ላይ እንቡጥ ስላለው ቀዳዳ ያለው ቢት ይፈልጋል። የሚገጥመውን ቢት ከዕቃው ጋር አንድ ላይ ይግዙ።

ክብደት፣ ስምና ፍተሻ

ዌቭ ፕላስ 241 ግራም ነው፣ ሩብ ኪሎ ስኳር ኪስ ውስጥ ይዞ እንደመዋል። ታጥፎ 10 ሳ.ሜ. ይሆናል። የስዊዘርላንዱ ቪክቶሪኖክስ ስዊስቱል ስፒሪት 10.5 ሳ.ሜ. ሆኖ ቀለል ይላል፣ የእጀታው ጠርዝም ለመዳፍ ይመቻል። ቁልፍ ላይ የሚንጠለጠሉት የ6 ሳ.ሜ. ትንንሾች ለቪቴና ለክር ጥሩ ናቸው፤ ጥቁር ሽቦ ግን በእነሱ መቁረጥ ትግል ነው፣ እጀታቸው አጭር ስለሆነ ጉልበት አይሰጥም።

የታወቀ ስም የተቀረጸበት ዕቃ በጣም ረክሶ ካገኙት ስሙን ሳይሆን ዕቃውን ይመኑ፦ ከላይ ያሉትን ፈተናዎች ያድርጉበት። ካለፈ በሚሸጥበት ዋጋ ይግዙት፣ ከወደቀ ስሙ አያነሣውም። ሌዘርማን የ25 ዓመት ዋስትና ይሰጣል፤ ዋስትናው ግን ዋጋ የሚኖረው ዕቃው እውነተኛ ሲሆንና ወደ አምራቹ ወይም ወደ ወኪሉ ማድረስ ሲቻል ነው። ለዚያ ብቻ ተብሎ ትልቅ ልዩነት መክፈል ተገቢ አይመስለንም።

ቢላ ያለበት መሆኑንም አይርሱ። ባንክ፣ መሥሪያ ቤትና የበዓል አደባባይ ፍተሻ ላይ ሊያስቀሩብዎት ይችላሉ፤ ቦሌ ደግሞ በእጅ ሻንጣ አያልፍም፣ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር ይሂድ። ቀን ቀን ከተማ የሚገቡ ሰዎች ቢላ የሌለውን ዓይነት ቢያስቡበት ይሻላል።

የማይሠራበት

እጀታው ራቁት ብረት ነው፣ መስመሩ 220 ቮልት ነው። ብሬከሩን ሳያጠፉ፣ በቴስተር ሳያረጋግጡ በዚህ ፒንሳ የኤሌክትሪክ ሽቦ አይንኩ። ላስቲክ የተጠቀለለበት ቢሆንም ያው ነው፤ 1000 ቮልት ተብሎ የተጻፈበት የኤሌክትሪክ ፒንሳ ሌላ ዕቃ ነው። ዳዶም አይፍቱበት። ጥርሱ የዳዶውን ማዕዘን ይበላና ኋላ ትክክለኛው የ10 ወይም የ13 ቁልፍ ሲመጣ አይዝም። የግማሽ ኢንች ቧንቧ ማጥበቅም የቧንቧ ቁልፍ ሥራ ነው። በካቻቢቴው ምላስ የቀለም ቆርቆሮ ክዳን መፈንቀል ግን ሁሉም ያደርገዋል፣ ብዙ ምላስም የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ቁርጥም አይቁረጡበት፤ ስብ ማጠፊያው ውስጥ ከገባ አይወጣም።

የአቃቂና የኮዬ ጥቁር አፈር ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዛል። ጭቃ ከነካው ሁሉንም ምላስ ከፍተው በውኃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጥቡ፣ በጨርቅ አድርቀው ፀሐይ ላይ ጥቂት ያቆዩ፣ ከዚያ ማጠፊያዎቹ ላይ አንድ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ያድርጉ። ዘይት ማብዛት አቧራ ይሰበስባል። ቢላውን በመሳያ ድንጋይ ወደ 20 ዲግሪ አዘንብለው ይሳሉት። ማኅደሩ ቆዳ ከሆነ በክረምት እርጥበት ይዞ ያድራል፤ ማታ ማታ ፒንሳውን አውጥተው ለብቻው ያሳድሩት።