ለአነስተኛ ሠርግ ታሪካዊ ሆቴል ሲመረጥ

ከ50 የማይበልጡ እንግዶችን ጠርቶ ታሪክ ባለው ሆቴል ለመደገስ ያሰበ ቤተሰብ የቤቱን ዕድሜ ከማድነቁ በፊት፣ ያ ቤት ዛሬ ድግስ መሸከም መቻሉን ቢያጣራ ይበጀዋል። አዲስ አበባ ፒያሳ የሚገኘውን፣ እቴጌ ጣይቱ ብጡል የመሠረቱትንና የአገራችን የመጀመሪያ ሆቴል በመባል የሚታወቀውን ጣይቱ ሆቴልን ለአብነት እንውሰድ። የእንጨት ወለሉና ሰፊ ደረጃው ብዙ ማስዋቢያ ሳይጨመርባቸው ለሙሽሮች ግርማ ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ በጥር 2007 ዓ.ም. የተነሣው ቃጠሎ የሆቴሉን ከፊል ክፍል ጎድቶታል። ስለዚህ የትኛውም እንጨት የበዛበት አሮጌ ሕንፃ ሲታይ መውጫ በሮቹ ስንት እንደሆኑና በድግስ ሰዓት ተከፍተው እንደሚውሉ፣ የእሳት ማጥፊያዎቹ የት እንዳሉ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ የሙዚቃ መሣሪያውንና የቪዲዮ መብራቱን ይችል እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥያቄው ለቤቱም አክብሮት ነው፤ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ላይ ሚስማር መምታት ቀርቶ ሻማ ማብራት እንኳ ያለ ፈቃድ ሊሞከር አይገባም።

አዳራሹን ለማየት ሲኬድ በዕድሜ የገፉ አንድ ዘመድ ይዞ መሄድ መልካም ነው። አሮጌዎቹ ሆቴሎች አሳንሰር ላይኖራቸው ስለሚችል፣ መጸዳጃ ቤቱም ከአዳራሹ ራቅ ብሎ ሊሠራ ስለሚችል፣ ለአያት የማይመች ደረጃ የሚታወቀው አያት ሲወጡት ነው።

ቀኑ ከቦታው እኩል ይመዘናል። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ በጾም ወራት ሠርግ ስለማይደገስ፣ ብዙው ሠርግ ከገና እስከ ዐቢይ ጾም ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ ይታጨቃል። በተለይ ጎንደር ላይ ለመደገስ የሚያስቡ ሰዎች ጥር 11 የሚከበረው ጥምቀት ከየአገሩ እንግዳ እንደሚስብ ማስታወስ አለባቸው፤ ከከተማዋ በላይ በኮረብታ ላይ እንደተሠራው ጎሃ ሆቴል ባሉ ቦታዎች ለሩቅ ዘመዶች ማደሪያ የሚፈልግ ሰው መኝታ ክፍሎቹን ከአዳራሹ ጋር አስቀድሞ መያዝ ይኖርበታል። በእኔ እምነት ቤተሰቡን የሚያስማማ ከሆነ ድግሱን ከጥምቀት ሳምንት ማራቅ፣ ወይም ከፋሲካ በኋላ ማድረግ ይሻላል።

ስለ ምግቡ አስቀድሞ መነጋገር ግድ ነው። ብዙ እናቶች የሠርጉ ዶሮ ወጥና ጠጅ በእጃቸው ካልተሠራ ቅር ይላቸዋል፤ ሆቴሎች ግን የውጭ ምግብ አያስገቡም ወይም ለመጠጡ ተጨማሪ ያስከፍላሉ። የተባለው ዋጋ 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስና የአገልግሎት ክፍያውን ያካተተ እንደሆነ፣ ሙዚቃው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድ፣ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተሩ አዳራሹንም ማእድ ቤቱንም እንደሚያዳርስ፣ ሠርጉ ቢተላለፍ ቀብዱ የሚመለስበት ሁኔታ ምን እንደሆነ ሁሉም በውሉ ላይ ተጽፎ ከተፈረመ በኋላ ቀብዱ ይከፈላል።