ልቦለዳችሁ ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት፦ ችግርና መፍትሄው

የፊደል ግድፈቱ ተለቅሟል፣ አራት ነጥቡም ቦታ ቦታውን ይዟል ብዬ ልጀምር። በራሳቸው ገንዘብ የሚያሳትሙ የጎጃም ደራስያንን ረቂቅ ሳርም ደጋግሞ የሚገጥመኝ ሌላ ነው።

ችግር፦ አንባቢው መሃል ላይ «ይሄማ አይሆንም» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋዋል።

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የቀን አቆጣጠር ነው። ደራሲው ምዕራፎቹን በተለያየ ጊዜ ይጽፋል፤ ታሪኩ በየትኛው ወር ላይ እንደደረሰ ግን የትም አልመዘገበም። በአንድ ረቂቅ ውስጥ የደብረ ማርቆስ እናት ከአዲስ አበባ ለመጣ ልጇ ዶሮ ወጥ ታቀርባለች። ትዕይንቱ ያምራል፤ የሽንኩርቱ ቁሌት ከገጹ ላይ ይሸታል። ሁለት ገጽ ወደኋላ ስመለስ ቀኑ ነሐሴ 8 ነው። ፍልሰታ! ያውም ሴትዮዋ ምዕራፍ አንድ ላይ ጾም የማትገድፍ ቆራቢ ናት። ሌላው ደራሲ ቢቸና ላይ ጤፍ በሰኔ ያሳጭዳል። በሰኔ ገበሬው ገና እርሻ ላይ ነው፤ ጤፍ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። አደይ አበባን በግንቦት የሚያስፈኩም አሉ። የገጠር አንባቢ ይህን አይምርም፤ መማርም የለበትም።

መፍትሄው አንድ ወረቀት ነው። ለየምዕራፉ ወሩን፣ ዕለቱን፣ ጾም ይሁን ፍስክ፣ ማሳው ላይ ምን እንዳለ ጻፉ። ዕለቱን ማስላት ቀላል ነው። ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን 30 ቀን ስለሆኑ በየወሩ ሁለት ዕለት ጨምሩ፤ መስከረም 1 ሰኞ ከዋለ ጥቅምት 1 ረቡዕ፣ ኅዳር 1 ዓርብ ነው።

ተጠንቀቁ፦ ረቡዕና ዓርብ የሚጾመው ሁልጊዜ አይደለም። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ፍስክ ነው። ገና ወይም ጥምቀት በእነዚህ ዕለታት ከዋለም ይበላል። አርማለሁ ብላችሁ ትክክለኛውን ትዕይንት እንዳታበላሹ። ጳጉሜን 6 ካላችሁ ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ መሆኑን እዩ። ፋሲካንማ በግምት ፈጽሞ አትጻፉ! ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ የሚያውቅ ሰው ጎጃም ውስጥ አይጠፋም፤ ጠይቁ።

ችግር፦ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ እንደ ዜና አንባቢ ያወራሉ።

የሞጣ ገበሬ ለሚስቱ «ሁኔታዎችን ከግምት ውስጥ በማስገባት» አይላትም። የተናጋሪዎቹን ስም ትታችሁ ንግግሩን ለሰው አንብቡለት። ማን እንደተናገረ ካልለየ እንደገና ጻፉት።

ችግር፦ «ፀሐይ» ሌላ ገጽ ላይ «ጸሀይ» ትሆናለች።

ኮምፒውተሩ ሁለቱን እንደ ተለያየ ቃል ስለሚያይ አንዱን ብትፈልጉ ሌላው ያመልጣችኋል። እያንዳንዱ ስም እንዴት እንደሚጻፍ የያዘ መዝገብ ይኑራችሁ።

ችግር፦ ማተሚያ ቤት ፋይሉ ሲከፈት ፊደሉ ይዘበራረቃል።

ጽሑፉ የተተየበው ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ኮድ) ባልሆነ የድሮ ፎንት ነው። ዛሬም በዚህ የሚተይቡ ጸሐፊዎች መኖራቸው ያናድደኛል፤ ኪሳራው የደራሲው ነው። ወደ ዩኒኮድ አስቀይሩና ሙሉውን እንደገና አንብቡ፤ ሲቀየር ፊደል ይዘላል። ከዚያ ፎንቱ አብሮት ያለ ፒዲኤፍ ስጡ። የገጹን ብዛት ከማተሚያ ቤቱ ጋር ተነጋገሩ፤ ብዙ ጊዜ ለ16 ቢካፈል ይመረጣል።

ሌይአውት (የገጽ ቅንብር) ካለቀ በኋላ አንቀጽ አትጨምሩ። ገጽ ይገፋል፣ ማውጫውም ይሳሳታል። የግድ ከሆነ አዲስ ፒዲኤፍ አስወጡና ከገጽ 1 ጀምራችሁ እዩት።